ኮርቻው ነው ወይስ ድብዳቡ? ለፈረስ ጀርባ የሚስማማ ዌስተርን ኮርቻ ስለ ማግኘት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮሎራዶ ነው። ያደግሁት እንጅባራ አካባቢ በመሆኑ ለፈረስ እንግዳ አይደለሁም። ባለፈው ዓመት ኳርተር ሆርስ ከሚባለው የአሜሪካ ዝርያ የ11 ዓመት ፈረስ ስገዛ ሻጩ ይጠቀምበት የነበረውን ዌስተርን ኮርቻም አብሮ ሸጠልኝ። መለያው 16 ኢንች፣ ሴሚ ኳርተር ሆርስ ባር ይላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ችግር አልነበረም። አሁን ግን ኮርቻ ይዤ ስቀርብ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጥፋል፤ የሆድ ማሰሪያውን ሳጠብቅ ዞሮ ሊነክሰኝ ይሞክራል፤ ቁልቁለት መውረድም አይወድም። ኮርቻውን ሳወርድ ጀርባው በላብ ርሶ እያለ ከትከሻው በስተኋላ ግራና ቀኝ መዳፍ የሚያክል ደረቅ ቦታ አገኛለሁ፤ በቅርቡ እዚያው ላይ ነጭ ፀጉር መብቀል ጀምሯል። የፈረስ ዕቃ ሻጩ ወፍራም ድብዳብ እንድገዛ መከረኝ። አንድ ወዳጄ ደግሞ 16 ኢንቹ ጠቦት ነውና 17 ግዛለት ይለኛል። በአገራችን አንድ ኮርቻ ለስንቱ ፈረስ ይሆን አልነበር? የትኛውን ልስማ?»

ሁለቱንም አይስሙ። የዘረዘሯቸው ምልክቶች፣ በተለይም ደረቁ ቦታና ነጩ ፀጉር በሁለቱም ጎን በተመሳሳይ ስፍራ መታየታቸው፣ ኮርቻው ከፊት በኩል የፈረስዎን ጀርባ እየቆነጠጠው እንደሆነ አጥብቀው ያመለክታሉ። ወፍራም ድብዳብ በጠበበ ቦታ ውስጥ ተጨማሪ ነገር መጠቅጠቅ ስለሆነ ቁንጠጣውን ያብሰዋል። የ17 ኢንቹ ምክር ደግሞ የቁጥሩን ትርጉም ካለማወቅ የመጣ ነው። በመለያው ላይ የተጻፈው 16 የሚለካው ከፊተኛው ቅስት አንሥቶ እስከ ኋለኛው መደገፊያ ጫፍ ድረስ ሲሆን፣ የሚነግረን የእርስዎን መቀመጫ ልክ ብቻ ነው። ስለ ፈረሱ ጀርባ ስፋት የሚናገረው በመለያው ላይ «ሴሚ ኳርተር ሆርስ ባር» የሚለው ቃል ነው፤ እርሱም ቢሆን፣ ከታች እንደማብራራው፣ የሚናገረው በግማሽ አፉ ነው።

ዌስተርን ኮርቻ ከስፔን ተነሥቶ በሜክሲኮ በኩል ወደ አሜሪካ ምዕራብ የገባ፣ ቀኑን ሙሉ ከብት ሲነዳና በገመድ ሲይዝ ለሚውል ሰው የተበጀ የሥራ ዕቃ ነው። ከላይ የሚታየው ቆዳና ጌጥ ለተቀማጩ ነው፤ የፈረሱ ጀርባ የሚገናኘው በውስጡ ከተደበቀው አጽም ጋር ነው። ይህ አጽም በጥሬ ቆዳ ወይም በፋይበር ግላስ ከተለበጠ እንጨት፣ በርካሾቹ ኮርቻዎች ላይ ደግሞ ከፕላስቲክ ይሠራል። ከፊት ቅስቱና ቀንዱ፣ ከኋላ መደገፊያው፣ ከሥር ደግሞ ባር የሚባሉት ሁለት ረጃጅም ጣውላዎች አሉት። ጣውላዎቹ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ በቁመታቸው ተጋድመው የሰውየውንና የኮርቻውን ክብደት ይዘረጋሉ፤ አከርካሪው ራሱ ምንም ነገር እንዳይነካው በመካከላቸው መተላለፊያ ይተዋሉ። ኮርቻው ተስማማ ወይም አልተስማማ ስንል የምንናገረው ስለነዚህ ሁለት ጣውላዎች ነው።

የጣውላዎቹ ስምምነት በአንድ ቁጥር የሚገለጽ አይደለም። የመጀመሪያው ነገር በፊት በኩል በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ገዢ የሚዘነጋው፣ ዝንባሌያቸው ነው፤ የፈረሱ ጎን እንደ ጎጆ ክዳን ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ጣውላውም እንደዚያው ቀጥ ማለት፣ ጀርባው እንደ በርሜል ደልደል ያለ ከሆነ ጣውላውም ደልደል ማለት አለበት። ርቀቱ ልክ ሆኖ ዝንባሌው ከተሳሳተ የጣውላው አንድ ጠርዝ ብቻ ሥጋውን ይወጋዋል፤ ለደልዳላ ጀርባ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጣውላ ከተጫነ የታችኛው ጠርዝ፣ ለቀጭን ጀርባ ደልዳላ ጣውላ ከተጫነ የላይኛው ጠርዝ ነው የሚጎዳው። ሦስተኛው በቁመት ያለው ጉብጠት ነው። የፈረሱ ጀርባ ወደ መሐል ረገብ ያለ ሆኖ ጣውላው ቀጥ ካለ፣ ኮርቻው እንደ ድልድይ በፊትና በኋላ ጫፎቹ ብቻ ይቆምና መሐሉ አየር ላይ ይቀራል። በአንጻሩ የፈረሱ ጀርባ ቀጥ ያለ ሆኖ ጣውላው ከጎበጠ ኮርቻው በመሐሉ ብቻ ተቀምጦ ከፊት ወደ ኋላ ይዋልላል። አራተኛው የጫፎቹ አከፋፈት ነው፤ የጣውላው የፊት ጫፍ ትንሽ ወደ ውጭ ካልተገለጠ ፈረሱ እግሩን በዘረጋ ቁጥር ትከሻው ከጫፉ ጋር ይጋጫል።

አሁን ወደ መለያው እንመለስ። ኳርተር ሆርስ በሩብ ማይል፣ ማለትም 400 ሜትር በሚያህል ርቀት ፍጥነቱ የታወቀ ዝርያ ሲሆን፣ የዝርያው ማኅበር በ1940 በቴክሳስ ፎርት ወርዝ ከተማ ተመሠረተ። የኮርቻ አጽም ስፋት በዝርያው ስም የሚጠራውም አምራቾች ለእነዚህ ሰፋፊ ፈረሶች አጽማቸውን ስላሰፉ ነው። በተለምዶ ሴሚ የሚባለው በፊት በኩል ከ6 እስከ 6½ ኢንች፣ ሙሉ ኳርተር ሆርስ ባር የሚባለው 7 ኢንች ገደማ፣ ለከባድ ጎታች ፈረሶች የሚሠራው 8 ኢንች ገደማ ነው። ችግሩ፣ አምራቾች ከየት እስከ የት እንደሚለኩ ያልተስማሙ መሆናቸውና ስለ ዝንባሌው መለያው አንዳች አለመናገሩ ነው። የአንዱ ሴሚ ከሌላው ሙሉ ሊሰፋ ይችላል። የዝርያው ስምም አይመራም፤ ዛሬ ኳርተር ሆርስ ተብለው ከተመዘገቡት መካከል የሩጫ ፈረስ ደም የገባባቸው፣ የትከሻቸው ጉብታ ከፍ ያለና ጎናቸው የቀጠነ አሉ፤ ጉብታቸው በሥጋ ተሸፍኖ ጀርባቸው እንደ ጠረጴዛ የተንጣለለም አሉ። ስለዚህ «ፈረሴ ኳርተር ሆርስ ስለሆነ ኳርተር ሆርስ ባር ልግዛ» ማለት ራሱን የቻለ ስሕተት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ችግር አልነበረም ማለትዎ ብዙ ያስረዳኛል። ፈረሱን የገዙት ከስቶ ከነበረ፣ ከዚያም በጥሩ ድርቆሽና በሥራ ጀርባው ከሞላ፣ ያልጠበበው ኮርቻ ጠቦታል ማለት ነው። ወይም ኮርቻው ከመጀመሪያውም ጠባብ ነበር፣ ፈረሱ ግን ችሎ ነበር፤ ፈረስ ሕመምን ለረጅም ጊዜ ችሎ የሚሠራ እንስሳ ነውና። ሥጋ ለረጅም ሰዓት ሲጨመቅ ደም እንደ ልቡ አይዘዋወርበትም፤ የላብ ዕጢዎቹም ስለሚታፈኑ በላብ በራሰ ጀርባ ላይ ደረቅ ቦታ ይታያል። ጭምቀቱ ሲደጋገም ለፀጉሩ ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ይሞቱና ቀጥሎ የሚበቅለው ፀጉር ነጭ ይሆናል። የእኛ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል፤ ገጣባ አህያና ገጣባ በቅሎ ቁስላቸው ከዳነ ከዓመታት በኋላም ጀርባቸው ላይ ነጭ ምልክት ተሸክመው ይኖራሉ። የእርስዎ ፈረስ ቆዳው ስላልተላጠ ገጣባ አልተባለም እንጂ ከቆዳው በታች የደረሰበት ያው ነው። ቁልቁለት የሚጠላውም በቁልቁለት ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ስለሚሄድና ጣውላዎቹ የቆሰለውን ቦታ ይበልጥ ስለሚወጉት ነው።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ይግባ። ደረቅ ቦታ ሁልጊዜ ጭምቀት ነው ማለት አይደለም፤ ኮርቻው ጨርሶ ያልነካው ቦታም ደረቅ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ለመለየት ፀጉሩን ይመልከቱ፤ ከዚያም በሦስት ጣቶች ቀስ ብለው ይጫኑት። የተጨመቀ ቦታ ላይ ፀጉሩ ተጋድሞ ወይም ተሰባብሮ ይገኛል፤ ሲጫኑትም ፈረሱ ጀርባውን ዝቅ ያደርጋል፣ ቆዳውን ያርገፈግፋል ወይም ራሱን ከፍ አድርጎ ትንፋሹን ይይዛል። በእርስዎ ፈረስ ላይ ነጩ ፀጉር ስለተጨመረበት ጥርጣሬዬ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም በእጅዎ ያረጋግጡት።

በአገራችን አንድ ኮርቻ ለስንቱ ይሆን ነበር ያሉት እውነትነት አለው፤ ምክንያቱን ግን ማየት ያስፈልጋል። በአዊም ሆነ በሌላው የአገራችን ደጋ የሚገኘው ፈረስ በቁመቱ አጠር፣ በጎኑ ቀጠን ያለ ነው፤ በአንድ አካባቢ ያሉ ፈረሶችም ጀርባቸው ተቀራራቢ ነው። የእርስዎ ኳርተር ሆርስ ግን 500 ኪሎ ግራም ገደማ ሊመዝን ይችላል፤ ከጎረቤቱ ፈረስ ጋርም በጀርባ ቅርጽ ፈጽሞ ላይመሳሰል ይችላል። ደግሞም የአገራችን ኮርቻ ቢሆን ለሁሉም ይስማማ ነበር ማለት ያስቸግራል፤ በገበያ ቀን በመንገድ ዳር የቆመ ሰው የሚያየው ነጭ ምልክት ያለበት ጀርባ ብዛት ሌላ ይመሰክራል። ተማሪ ሳለሁ በደብረ ዘይት ከጋሪ ፈረስና ከጭነት አህያ ጀርባ ላይ ያጠብኩት ቁስል አብዛኛው ዕቃው ከአካሉ ጋር ባለመስማማቱ የመጣ ነበር፤ መድኃኒቱን ቀብተን በነጋታው በዚያው ድብዳብ ሲጫን ማየት እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ወደ ኮርቻ ግዢ ከመሄድዎ በፊት የእንስሳት ሐኪም ፈረሱን ይመርምረው። ማሰሪያ ሲጠብቅ መናከስ የኮርቻ ብቻ ምልክት አይደለም፤ የጨጓራ ቁስለት ያለበት ፈረስም ልክ እንደዚሁ ያደርጋል። የአከርካሪ አጥንቶች መነካካት፣ የኋላ እግር ማነከስ፣ የኮቴ አቆራረጥ መዛባትም ጀርባን ያሳምማሉ። በተለይም ኮርቻው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚንሸራተት ከሆነ፣ ኮርቻውን ከመውቀስ በፊት የኋላ እግሮቹን ማስመርመር ተገቢ ነው፤ ዓይን የማያየው ቀላል ማነከስ ኮርቻን ወደ ጎን እንደሚገፋ በጥናት ታይቷል። ታማሚ ጀርባ ላይ የተሞከረ ኮርቻ ሁሉ መጥፎ ይመስላልና ምርመራው ቀድሞ ካልተደረገ ጥሩውን ኮርቻ ከመጥፎው መለየት አይችሉም።

ቀጥሎ የሚደረገው ልኬት ነው። ከሥዕል ዕቃ መሸጫ ቅርጽ የሚይዝ ተጣጣፊ ማስመሪያ ይግዙ፤ ካላገኙ ወፍራም የልብስ መስቀያ ሽቦ ይበቃል። ፈረሱን በደልዳላ መሬት ላይ አራት እግሩ እኩል እንዲቆም ያድርጉና የትከሻ አጥንቱን የኋላ ጠርዝ በጣትዎ ይፈልጉ። ፈረሱ የፊት እግሩን ሲያነሣ ይህ ጠርዝ ከቆዳው በታች ወደ ኋላ ሲሄድ ይሰማዎታል። ከጠርዙ ሁለት ጣት ወደ ኋላ ሄደው ሽቦውን በጉብታው ላይ አሻግረው በግራና በቀኝ ጎን ላይ አስተኝተው ይጫኑት፤ ከዚያ ቅርጹ እንዳይዛባ በሁለት እጅ አንሥተው በካርቶን ላይ ያስቀምጡና በውስጥ በኩል በእርሳስ ያስምሩ። ሁለተኛውን ልኬት አንድ መዳፍ ያህል ወደ ኋላ፣ ሦስተኛውን የመጨረሻው ጎድን አጥንት ካለበት ትይዩ ይውሰዱ። አራተኛው በቁመት ነው፤ ከአከርካሪው አራት ጣት ዝቅ ብለው ከትከሻው እስከ መጨረሻው ጎድን ሽቦውን ያስተኙ። በካርቶኑ ላይ ቀኑን ይጻፉበትና ግራውን ከቀኙ ያስተያዩ፤ አብዛኞቹ ፈረሶች አንዱ ትከሻቸው ከሌላው ይሞላል፤ ኮርቻ የሚመረጠውም ለሚሞላው ጎን ነው፤ የጎደለው ወገን በድብዳብ ይካካሳል።

ካርቶኑን ቆርጠው ወደ ሻጭ ይዘው ሲሄዱ ብዙ የማይሆኑ ኮርቻዎችን ፈረሱን ሳያስቸግሩ ያስወግዳሉ። የመጨረሻው ዳኛ ግን ጀርባው ራሱ ነው። ኮርቻውን ያለ ምንም ድብዳብ፣ በባዶው፣ በንጹሕ ጀርባ ላይ ያሳርፉት። በመጀመሪያ ከሚገባው በላይ ወደ ፊት፣ ጉብታው ላይ ያስቀምጡና ወደ ኋላ ቀስ ብለው ያንሸራቱት፤ የሚስማማ ኮርቻ ከትከሻው ጀርባ ራሱ አርፎ የሚቆምበት ቦታ አለው። ቆዳው ትከሻው ላይ ቢደርስ አያሳስብም፤ የጣውላው ጫፍ ግን ከትከሻ አጥንቱ በስተኋላ መሆን አለበት። ብዙ ሰው ኮርቻውን ወደ ፊት አስጠግቶ ጉብታው ላይ ስለሚጭነው፣ የሚስማማውን ኮርቻ እንኳ አላግባብ በማስቀመጥ ያበላሸዋል።

ከዚያ መዳፍዎን ዘርግተው፣ ጥፍርዎን ወደ ፈረሱ አድርገው፣ ከፊት በኩል በጣውላው ሥር ይስደዱ። እጅዎ ከላይ እስከ ታች በእኩል ጫና መሄድ አለበት። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማደርገው፤ ዓይን የቆዳውን ውበት ስለሚያይ ያታልላል። ጣቶቼ በቀላሉ ገብተው ድንገት ከታች ሲጨመቁ ዝንባሌው ቀጥ ማለቱን፣ ከላይ ተጨምቀው ከታች ሲፈቱ ደልዳላ መሆኑን አውቃለሁ። እጄን ወደ መሐል ገፍቼ ባዶ ካገኘሁ ኮርቻው ድልድይ ሆኗል። ድብዳብ ሳይደረግ በጉብታውና በቅስቱ መካከል ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ይፈለጋል፤ እርስዎ ሲቀመጡበት ደግሞ ቢያንስ ሁለት ጣት መቅረት አለበት። ከኋላ ቆመው ወደ ፊት ሲመለከቱ በአከርካሪው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርሃን መታየት አለበት። ክብደት ተሸካሚው የጣውላ ክፍል ከመጨረሻው ጎድን አልፎ ወገቡ ላይ መውጣት የለበትም። ፈረስ 18 ጥንድ ጎድን አለው፤ ከ18ኛው በኋላ ያለውን ወገብ ከሥር የሚደግፈው ጎድን ስለሌለ ጭነት አይችልም። አጭር ጀርባ ላለው ፈረስ የግርጌው ቆዳ የተከረከመና የተጠጋጋ ኮርቻ የሚመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

የቆመ ፈረስ ላይ የተስማማ ኮርቻ በሚሄድ ፈረስ ላይ ላይስማማ ይችላል። ስለዚህ ፈረሱን ጭነው በማሰሪያ አጥብቀው፣ አንድ ሰው የፊት እግሩን ወደ ፊት እየሳበ፣ እጅዎን በጣውላው ጫፍ ሥር ያኑሩት። ትከሻው ሲዞር እጅዎን ከጣውላው ጋር አጣብቆ ካሳመመዎት፣ እግሩን ባነሣ ቁጥር የእርስዎ ፈረስ የሚሰማው ይህንኑ ነው። በመጨረሻ በቀጭን ንጹሕ ጨርቅ ላይ ጭነው 30 ወይም 40 ደቂቃ ይሥሩ፤ ሽቅብና ቁልቁል ይሂዱ፤ ሲያወርዱ የላቡንና የአቧራውን አሻራ በጨርቁ ላይ ያንብቡ። በጣውላዎቹ ሥር እኩል የሆነ፣ በአከርካሪው ላይ ደግሞ ደረቅ የሆነ አሻራ ነው የሚፈለገው።

ስለ ድብዳብ ሰፋ አድርጌ መናገር የምፈልገው ብዙ ገንዘብና ብዙ ጀርባ የሚጠፋበት ቦታ ስለሆነ ነው። አንዲት ባዝራ ዘንድ ተጠርቼ ሄድኩ፤ ባለቤቷ በአንድ ዓመት ሦስት ድብዳብ ገዝታ ነበር፤ እያንዳንዱ ከቀደመው ይወፍራል፣ እያንዳንዱም ከቀደመው ይወደዳል። ሦስተኛው ሲጫን ኮርቻው ከጀርባዋ ርቆ በመቆሙ ወደ ጎን እንዳይዞር ማሰሪያውን እጅግ ማጥበቅ ግድ ሆኖ ነበር፤ በማሰሪያው ምክንያትም ከክርኗ ጀርባ ሌላ ቁስል ወጣ። ኮርቻውን በባዶው ሳስቀምጠው ከፊት ሁለት ጣት የማያስገባ ጠባብ ሆኖ አገኘሁት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይህ ነው፤ ሁሉም ሰው ኮርቻውን መጣል ከብዶት ድብዳቡን ይቀያይር ነበር። ለሚስማማ ኮርቻ ከ¾ እስከ 1 ኢንች ውፍረት ያለው የተዳመጠ ንጹሕ ሱፍ ይበቃል። ትንሽ ሰፋ ያለ ኮርቻን ድብዳብ ሊረዳው ይችላል፤ ጠባቡን ግን ምንም ድብዳብ አያሰፋውም። ሲጭኑም ድብዳቡን በጉብታው ላይ ወደ ቅስቱ ሳብ አድርገው ከፍ ያድርጉት፤ ተወጥሮ ጉብታው ላይ የሚያርፍ ድብዳብ ራሱ ያቆስላል።

ማሰሪያውን በተመለከተ በአጭሩ፣ ሲንች የሚባለው የፊት ማሰሪያ ከክርኑ በስተኋላ አራት ጣት ያህል ርቆ በተፈጥሮ ጎድጎድ ባለው ቦታ ላይ መዋል አለበት። ማሰሪያው የሚንጠለጠልበት ቀለበት በአንዳንዱ ኮርቻ ላይ ከቅስቱ ሥር፣ በሌላው ወደ መሐል ይበልጥ የተጠጋ ነው፤ ቀለበቱ ከፈረሱ ጎድጎድ ጋር ካልተገጣጠመ ማሰሪያው ኮርቻውን ወደ ፊት እየጎተተ ትከሻው ላይ ይከምረዋል። በአንድ ጊዜ አጥብቀው አይሰሩት፤ ላላ አድርገው አስረው ጥቂት ያራምዱትና ሁለቴ ሦስቴ ደረጃ በደረጃ ያጥብቁት። የኋላው ማሰሪያ ካለ ሆዱን ነካ ያድርግ እንጂ አይንጠልጠል፤ እግሩ የሚገባበት ክፍተት ትልቅ አደጋ ነው።

የእርስዎ መቀመጫም መዘንጋት የለበትም፤ ወንበሩ የጠበበው ሰው ወደ ኋላ ተገፍቶ መደገፊያው ላይ ይቀመጥና ጭነቱን ሁሉ በጣውላው የኋላ ጫፍ ላይ ይጥለዋል። ተቀምጠው በሆድዎና በቅስቱ መካከል አራት ጣት ያህል ካስገባ ልክ ነው። ክብደትን በተመለከተ፣ ሰውና ዕቃ በአንድነት ከፈረሱ ክብደት 20 ከመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ለ500 ኪሎ ግራም ፈረስ ይህ 100 ኪሎ ግራም ነው፤ ዌስተርን ኮርቻ ብቻውን ከ11 እስከ 18 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ለመንገድ ጉዞ ብቻ ለሚጠቀም ሰው የከብት መያዣውን ከባድ ኮርቻ ማሸከም አያስፈልግም።

ያሉዎት አማራጮች ጥቂት ናቸው። ያገለገለ ነገር ግን በጥሩ እጅ የተሠራ ኮርቻ ከአዲስ ርካሽ ኮርቻ እጅግ ይሻላል፤ ግን አጽሙ አለመሰበሩን ያረጋግጡ። ኮርቻውን ቀንዱን ጉልበትዎ ላይ አስደግፈው መደገፊያውን ወደ ራስዎ ይሳቡት፤ ወንበሩ ከታጠፈ ወይም ከውስጥ የመሰበር ድምፅ ካሰማ ለማንኛውም ፈረስ አይሆንም። ገልብጠውም ሁለቱ ጣውላዎች እኩል መሆናቸውን ይመልከቱ። ተጣጣፊ አጽም ያላቸውና አጽም የሌላቸው ኮርቻዎች ለሁሉም ፈረስ ይሆናሉ ተብለው ይሸጣሉ፤ ለቀላል ሰውና ለአጭር ጉዞ የሚስማሙበት ጊዜ አለ፤ ይሁን እንጂ አጽም የሌለው ኮርቻ ክብደትን የመዘርጋት አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ከባድ ሰው አልመክረውም። በልክ የሚሠራ ኮርቻ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ በታመመው ጀርባ ላይ ተለክቶ ቢሠራ ጀርባው ሲድን ይጠበዋል፤ ውድም ስለሆነ ለመጨረሻ ይቆይ። የአሜሪካ ጦር በ1859 የተቀበለው የማክሌለን ኮርቻ እንኳ፣ በአከርካሪው ላይ ክፍት ሆኖ በጥንቃቄ የተበጀ ሆኖ ሳለ፣ ፈረሱ በዘመቻ ሲከሳ ያቆስለው ነበር፤ አንድን ጀርባ ዕድሜ ልኩን የሚከተል የእንጨት አጽም የለም።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። በዚህ ኮርቻ ከዛሬ ጀምሮ አይቀመጡ፤ ድብዳቡንም አይግዙ። ሐኪሙ እስኪያየውና ጀርባውን በጣት ሲጫኑት መሸሹን እስኪተው ድረስ ሳምንታትም ቢፈጅ በእጅ እየመሩ ያሠሩት፤ ሽቅብ ማራመድና ራሱን ዝቅ አድርጎ እንዲሄድ ማድረግ የጀርባውን ሥጋ ይመልሳል። ከዚያ ልኬቱን ይውሰዱ። ከነገሩኝ ተነሥቼ የምጠብቀው ሙሉ ኳርተር ሆርስ ባር የሚባለው፣ ዝንባሌው ደልደል ያለና የፊት ጫፉ ወደ ውጭ የተገለጠ ኮርቻ እንደሚስማማው ነው፤ ቢሆንም ለሙከራ የማይሰጥዎትን ወይም መመለስ የሚከለክልዎትን ሻጭ ኮርቻ፣ መለያው የፈለገውን ቢል፣ አይግዙ። በጭምቀቱ ምክንያት ከትከሻው ጀርባ ሥጋው ጎድጉዶ ካገኙት፣ ለጉድጓዱ ልክ የሆነ ጠባብ ኮርቻ አይምረጡ፤ ጠባቡ ጉድጓዱን እንደያዘ ያቆየዋል። ሥጋው እስኪመለስ ሰፋ ያለውን ይዘው ጉድለቱን በቀጭን የሱፍ ቁራጭ ይሙሉት፤ ሲሞላም ቁራጩን ያውጡት።

ልኬቱን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በበልግ፣ ክብደቱ ሲለወጥም እንዲሁ፣ ቀን በተጻፈበት ካርቶን ላይ እየደገሙ ከቀደመው ጋር ያስተያዩት። ነጩ ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀደመ ቀለሙ አይመለስም፤ ስለዚህ አዲሱን ኮርቻ በእርሱ አይመዝኑት። ያለበትን ስፍራ ዛሬውኑ ፎቶ አንሥተው ዙሪያውን በልክ ይመዝግቡ፤ ከዚያ ወሰን ውጭ አንድ አዲስ ነጭ ፀጉር ወይም ሲነካ የሚያሸሽ እብጠት ካዩ፣ ኮርቻው ምንም ያህል ገንዘብ የወጣበት ቢሆን በዚያው ቀን ያውርዱት።